የሽንኩርት ከረጢት ክር

ሥራ አስኪያጃችን «አዴ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኢኖቬሽን ቲም አባል ነሽ» ሲለኝ ካውያው እጄ ላይ ነበር። ከድንጋጤዬ የተነሳ አንሶላው ላይ ረሳሁት። ሳነሳው የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ በዚህ ላውንደሪ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስተኩስ አንድ አንሶላ አቃጥዬ አላውቅም ነበር።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«አዲስ ሐሳብ የሚያመነጭ ቡድን ነው።»

«እኔ ልብስ ነው የምተኩሰው።»

«ለዚያ እኮ ነው የመረጥኩሽ» አለኝና ሄደ።

ላውንደሪ ቤታችን ከሀርጌሳ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የሦስት ሆቴሎችን አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ እናጥባለን። ውሃ በቦቴ ይመጣልናል፤ ቦቴው ከዘገየ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን በር በሩን እናያለን። የምንሠራው ሴቶች አብዛኞቻችን ከኢትዮጵያ የመጣን ነን። እኔ ወሎዬ ነኝ። የልጆቼ አባት፣ አላህ ይማረውና፣ በንግድ መጀመሪያ ድሬዳዋ፣ ቀጥሎ እዚህ አመጣኝ። እሱ አለፈ፤ እኔ ቀረሁ። የልጅ ልጆቼ ከአማርኛ ይልቅ ሶማሊኛው ይቀናቸዋል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ቁርኣን እቀራለሁ፤ እንግሊዝኛ ግን ለእኔ የተበተነ ሽቦ ነው።

ሥራ አስኪያጁ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ግን ጅጅጋ አድጎ አዲስ አበባ ስለተማረ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። አዴ፣ እናቴ እንደ ማለት ነው፤ እንዲያ የሚለኝ እሱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነው። ጅጅጋና ሐረር ያደገ ሰው አንቱ ማለት አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን፣ በልጄ ልጅ ዕድሜ ያለ ሰው አንቺ ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን አንቱ የሚለኝ ሰው ሲመጣ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እላለሁ።

ይህ ሰው ከአንዱ ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። የሚለጠፉ ቢጫ ወረቀቶች፣ ባለ ብዙ ቀለም እስክሪብቶና አንድ ሙሉ የሕግ ዝርዝር ይዞ ነበር። ቡድኑ አምስት ሰው ይሁን፤ ከአምስት ከበለጠ ወሬ ይሆናል። ከየክፍሉ አንድ ሰው ይግባ። ወንድም ሴትም ይኑርበት። ስለዚህ እሱ፣ ልብሱን ከሆቴሎቹ የሚያመላልሰው ሹፌር፣ የማሽኖቹ መካኒክ፣ የቢሮዋ ጸሐፊና እኔ ሆንን።

«ከመለያ ክፍልስ?» አልኩት።

«አዴ፣ አምስት ሞላ።»

መለያ ክፍል ማለት ታጥቦ የደረቀው ሁሉ የሚከመርበትና የየትኛው ሆቴል እንደሆነ የሚለይበት ነው። ያልተስማማኝን ነገር እንዲሁ አላልፍም፤ ያን ዕለት ግን አለፍኩት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ጠዋት በመስታወቱ ቢሮ ውስጥ ሆነ። የቀረበልኝ ወንበር ጎማ ነበረው። ስቀመጥበት ወደ ኋላ ሸሸ፤ «ያ ረቢ!» ብዬ ጠረጴዛውን ያዝኩ፤ ጸሐፊዋ ተነስታ ደገፈችኝ። ገና ትንፋሼ ሳይመለስ ሥራ አስኪያጁ ቆመና «እዚህ ክፍል ውስጥ አለቃ የለም» አለ። ሹፌሩን አየሁት፤ ሹፌሩም አየኝ። በስድሳ ሰባት ዓመቴ አለቃ ራሱ አፉን ከፍቶ አለቃ የለም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «መጥፎ የሚባል ሐሳብም የለም» ሲል ጨመረ። እዚህ ላይ አላስችል አለኝ።

«አለ እንጂ! መጥፎ ሐሳብማ ሞልቷል።»

«በስብሰባው ውስጥ የለም ማለቴ ነው፣ አዴ።»

«ከበሩ ስንወጣ ነው የሚበላሸው?»

መካኒኩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ጥያቄው ትልቅ ነበር። የሦስቱ ሆቴሎች አንሶላ ሁሉም ነጭ ነው፤ ይቀላቀላል። ሲቀላቀል ሆቴሎቹ ይጮኻሉ፤ ሆቴል በጮኸ ቁጥር ከእኛ አንዷ ትሰደባለች። በእስክሪብቶ ምልክት ብንሞክርም በረኪናው ያጠፋዋል። ሹፌሩ «ሆቴሎቹ የየራሳቸውን ቀለም ይግዙ» አለ። መካኒኩ ስለ አንድ ማሽን አወራ፤ አንሶላው ውስጥ ትንሽ ነገር ተቀብሮ ማሽኑ ከሩቅ እያነበበ «የእገሌ ሆቴል» ይላል። የሥራ አስኪያጁ ዓይን በራ። የዚያን ማሽን ሥዕል ከስልኩ ላይ ፈልጎ ለሁላችን አሳየን። እኔ በልቤ፣ ውሃ በቦቴ እየጠበቅን የምን የሚያወራ ማሽን ነው እያልኩ ተቁነጠነጥኩ።

እኔ መልሱን አውቀው ነበርና።

ከጥቂት ወራት በፊት ነው። የትራስ ልብስ ስተኩስ አንድ ቀይ ነገር ቀልጦ ካውያዬ ላይ ተጣበቀ። እየፋቅኩ እየተሳደብኩ ሳለ ከመለያ ክፍል አንዷ ሴት ሮጣ መጣች። ከሐረርጌ ገጠር የመጣች፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ ሶማሊኛዋ ከዚያም ያጥራል። ከሠራተኞቹ ሁሉ መጨረሻ የተቀጠረችው እሷ ብትሆንም በእሷ እጅ ያለፈ ጥቅል ተቀላቅሎ አያውቅም፤ እንዴት እንደምታደርገው ግን ማንም አያውቅም ነበር። ያን ቀን ደረስኩበት። ከሽንኩርት ከረጢት ቀዩን የላስቲክ ክር፣ ከድንች ከረጢት አረንጓዴውን እየመዘዘች፣ አንሶላው ማዕዘን ላይ ከጠርዙ በታች አንድ ጊዜ ትወጋዋለች። ቀዩ ለአንዱ ሆቴል፣ አረንጓዴው ለሌላው፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ለሦስተኛው። የጥጥ ክር በረኪና ያነጣዋል፤ የከረጢት ክር ግን በረኪና አይነካውም። ጠላቱ ካውያ ብቻ ነው።

«አዴ፣ ማዕዘን ስትደርሺ ካውያ አንሺ» አለችኝ። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«ለምን? ደግ ነገር አይደለም እንዴ?»

«እኔ ያለኝ ይሄ ነው» አለችና ሄደች።

ትሕትና መሰለኝ። እሺ ብዬ ካውያዬን ከየማዕዘኑ ሳነሳ ከረምኩ። ይህች ሴት አንዲት ልጅ ነው ያለቻት። ልጅቱ ትምህርት የጀመረችው እናትየዋ እዚህ ከተቀጠረች በኋላ ነው። ሥራው ከቀረ ልጅቱን ይዛ ወደ ገጠር ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ የላትም፤ በሰፈሯ ደግሞ ትምህርት ቤት የለም።

እንግዲህ እዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ማሽኑ ሲያወሩ ሲያወሩ ትዕግሥቴ አለቀ። «ምን ማሽን ያስፈልጋል! የሽንኩርት ከረጢት ክር ይበቃል!» አልኩና ሁሉን አፈሰስኩት። ክሩን፣ ማዕዘኑን፣ በረኪናውን።  አጨበጨቡ። ለእኔ! እኔ ሠርጌ ላይ እንኳ እንደዚያ አልተጨበጨበልኝም። ጸሐፊዋ በቢጫ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። «የእኔ አይደለም፤ የመለያ ክፍሏ ሴትዮ ነው» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ አዴ! ጎበዝ!» እያለ ስለነበር የሰማኝ አልመሰለኝም። እኔ ነገር ሦስቴ ካልተናገርኩ የማይበቃኝ ሴት ነኝ። ያን ቀን አንዴ ተናግሬ ዝም አልኩ። ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ሳልጽፈው ብቀር የበለጠ አፍራለሁ።

የገባሁትን ቃል ማፍረሴን ደግሞ እንደ ማፍረስ አልቆጠርኩትም። ስሟን አስጠራሁላት፣ ያከብሯታል፣ ምናልባትም ያሳድጓታል ብዬ በኩራት ነው ቤቴ የገባሁት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ሀርጌሳን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከዙሁር በኋላ የጫቱ መኪና ሲገባ ወንዱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይበተናል። የእኛዎቹ ወንዶች የሚቅሙት ከላውንደሪ ቤቱ በር አጠገብ ካለች የጫት መደብ ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከለለች ክፍል ነው። ሻጭዋ ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ስላደገች ከእኔ ጋር በአማርኛ እንጫወታለን።

«አዴ፣ ያቺ የአንሶላዋ ሴትዮ ልትሄድ ነው አሉ» አለችኝ፣ እርጥብ ጆንያ ጫቱ ላይ እየደረበች።

«ወዴት?»

«ወዴትማ እኔ ምን አውቄ። ከሥራ ነዋ።»

«ማን አለ?»

«የእናንተዎቹ። ትናንት በርጫ ላይ ሲጨርሱት ሻይ ሳስገባላቸው ሰማሁ። አንቺ የተናገርሽው ክር የለም? እሱ ነው ያስወጣት።»

ክው አልኩ። የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ሻጭዋ እያዘነችልኝ ሁሉን ዘረገፈችው። አንሶላው ሁሉ ክር ከተሰፋበት ማንም ዓይን ያለው ሰው ይለየዋል፤ ስለዚህ በመለያ ክፍል ሦስት ሴት ምን ያደርጋል፣ ሁለት ይበቃል፤ መጨረሻ የገባች ትውጣ። መጨረሻ የገባችው እሷ ናት።

እዚያች ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ «እኔ ያለኝ ይሄ ነው» ያለችኝ ትርጉሙ ገባኝ። ትሕትና አልነበረም። ያቺ ክር አጥሯ ነበረች። አጥሯን ነቅዬ ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ያውም እየተጨበጨበልኝ።

ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ሥራ አስኪያጁ፣ ሹፌሩና መካኒኩ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል፤ ጉንጫቸው አብጧል። ግድግዳው ላይ ያየሁት ነገር ግን ከሁሉ የባሰ አስደነገጠኝ። ከመስታወቱ ቢሮ ያየኋቸው ቢጫ ወረቀቶች እዚያ ተለጥፈዋል! በረድፍ፣ በሥርዓት። እውነተኛው ስብሰባ ለካ እዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት እኛ የምንሰበሰበው ሐሳብ ለማዋጣት ነው፤ የሚወሰነው እዚህ ፍራሽ ላይ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ አሉ። የሌለነው እኔና ጸሐፊዋ ነን፤ ሁለቱ ሴቶች።

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። «አዴ! ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። እናንተ ግን ቀብራችሁ መጥታችሁ ትቅማላችሁ።»

«ኧረ አዴ፣ ቁጭ በይ» አለ ሹፌሩ፣ ትራስ እየገፋልኝ። «አንድ ቀንበጥ ቅመሺና ንዴትሽ ይብረድ።»

«አንተ መጀመሪያ ጉንጭህን ባዶ አድርግና አናግረኝ። ሁለት ሰው የሚያናግረኝ ነው የሚመስለኝ።»

መካኒኩ ከት ብሎ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። «አዴ፣ እዚህ ሴት አትገባም፤ ታውቂያለሽ።»

«ሻይ ይዛ ስትገባስ? ያኔ ሴት አይደለችም?»

«እንደዚያ ሳይሆን…»

«ያቺን የመለያ ክፍል ሴት እዚህ ተቀምጣችሁ አባረራችኋት ወይስ አላባረራችኋትም?»

ወረቀቶቹን አየ፤ እኔን አየ። «አዴ፣ ይሄ እኮ ስብሰባ አይደለም። በርጫ ነው። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ነው?»

«ወላሂ፣ ጨዋታ ነው።»

«እንግዲያው ውሳኔ የለም። ሴትዮዋ ነገ ሥራዋ ላይ ናት።»

«ውሳኔውማ…»

«አንዱን ምረጥ! ስብሰባ ከሆነ እኔና ጸሐፊዋ የት ሄድን? ጨዋታ ከሆነ ደግሞ በጨዋታ ሰው ከእንጀራው አይነሳም።»

 ሹፌሩ ቀስ ብሎ ፊቱ የነበረውን ጫት በጨርቅ ሸፈነ፤ እናቱ የገባች ይመስል።

«አዴ፣ ምን ያናድድሻል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ለስልሶ ነበር። «ሐሳቡ ያንቺ ነው፤ ክብሩም ያንቺ ነው። ይኸው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።» አንዱን ቢጫ ወረቀት ነቅሎ አነበበልኝ። የከረጢት ክር፤ ከመተኮሻ ክፍል።

ከመተኮሻ ክፍል! በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሳልፍ ሳገድም አይቼው ነበር። የማላውቀው ፊደል ስለሆነ የእሷን ስም እያየሁ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነው ያለፍኩት።

«ይህን ክር ያሰበችው እኔ አይደለሁም» አልኩ። «እሷ ናት። እያንዳንዱን በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። ልታስወጣት የተቀመጥክላት ሴት ናት።»

ሥራ አስኪያጁ አፉን በእጁ ያዘ። «አስታግፊሩላህ። አልነገርሽንም እኮ!»

«ነግሬአችኋለሁ» አልኩት። «አንዴ።»

የዚያች «አንዴ» ጣዕም እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልፈጀም። ትቆያለች አለ። ሌሎቹም ትቆይ አሉ። ሹፌሩ እንዲያውም «ሽልማት ይገባታል» ብሎ በአንድ ጊዜ ደግ ሆነ። ወጥቼ ሶላቴን ሰገድኩ፣ ከዚያ በቀጥታ ሚኒባስ ይዤ 31 ሜይ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እሷ እዚያ ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። መንገዱን ሁሉ የምነግራትን እያሰብኩ ነበር። ስታለቅስ፣ አንገቴን ስታቅፍ፣ እኔም «ተይ አታልቅሺ» ስላት ታየኝ።

ግቢው ውስጥ የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች አገኘኋት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ስብሰባውን፣ በርጫውን፣ መጋረጃውን እንዴት እንደገለጥኩት። እሷ ማበጠሪያውን አላቆመችም።

«ነገርሽ» አለችኝ።

«አዎ፤ ግን ለአንቺው ብዬ…»

«አትንገሪ አልኩሽ። ነገርሽ።»

«አሁን እኮ ተስተካከለ! ትቆያለች ብለዋል።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ። «ማን ጠየቀኝ?»

«ምኑን?»

«እነሱ ተቀመጡ፣ ትሂድ አሉ። እኔ አልነበርኩም። አንቺ ገባሽ፣ ትቆይ አላችሁ። እኔ አልነበርኩም። መቼ ነው እኔ ያለሁት?»

 ሰባት ልጆች ወልጄ፣ ስንቱን ጎረቤት አስታርቄ፣ ስንቱን ባለሱቅ አፍ አስይዤ፣ ይህችን አንዲት ሴት ሳልጠይቃት ቀረሁ። ልጅቱ ፀጉሯ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ፣ አንዴ እናቷን አንዴ እኔን ታያለች። ስለ ፍትሕ ስጮኽ ኖሬ፣ ወንዶቹ ያደረጉትን ያንኑ ነገር እኔም አድርጌው መጥቼ ምስጋና እጠብቃለሁ። የተለየው የእኔው «ትቆይ» ማለቱ ብቻ ነው።

«አውፍ በይኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም። «ስብሰባው ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት። ለምን?»

መልሳ ማበጠሪያዋን አነሳች።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አምስታችን ተቀምጠናል። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠርጎ «ትናንት የተፈጠረውን…» ብሎ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ያቺ ሴት ትልቅ የአንሶላ ክምር ተሸክማ ገባች። ፈቃድ አልጠየቀችም። ክምሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱና ስልኩ ላይ ዘረገፈችው። የሥራ አስኪያጁ የሻይ ብርጭቆ ተገለበጠ። ሁላችንም ደንግጠን ተነሳን።

«ክር አለው» አለች። «ሁሉም አለው። ለዩት።»

ወንዶቹ ተያዩ። ሹፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ። አንዱን አንሶላ አነሳ፣ ማዕዘኑን ፈለገ፣ አራት ማዕዘን ስላለው አራቱንም አዞረ፣ አንሶላው እግሩ ላይ ተጠመጠመ። መካኒኩ ሊረዳው ገብቶ እሱም ተጠመጠመ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ለይቶ ሦስተኛው ላይ ቀዩን አጣው። ጸሐፊዋ አፏን በሻሽዋ ሸፍና ትስቃለች። እኔም ሞከርኩ። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ይዤ ኖሬ፣ ክሯን ከእሷ አፍ ሰምቼ፣ እኔም አልቻልኩም።

እሷ ቀረብ ብላ አንዱን ጫፍ ይዛ አየር ላይ አንዴ መታችው። አንሶላው ተዘርግቶ ሲወርድ ክር ያለው ማዕዘን ሄዶ ሄዶ ግራ እጇ ላይ አረፈ። አየችው፤ ወረወረችው። ሌላ፤ ሌላ። እንዲያ እንዲያርፍላት ከማድረቂያው ሲወጣ ጀምራ ነው ለካ የምታጥፈው። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ ሳይደርቅ ክምሩ ሦስት ቦታ ሆነ።

«ሁለት ሰው ይበቃል?» አለች።

«አይበቃም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ክሩን ነው የሰማችሁት። እጁን አልሰማችሁም። አዴም አታውቅም።» ትንፋሽ ወሰደች። የማይመቻት ቋንቋ ስለሆነ ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የምታስቀምጠው። «እዚህ ቤት ሥራ የሚያቀል ነገር የተናገረ ሰው ከሥራ ከወጣ፣ ነገ ማን ይናገራል? ሁሉም የሚያውቀውን ሆዱ ውስጥ ይይዛል። እኔ ሌላ ሦስት ነገር አውቃለሁ። አልናገርም።»

ሥራ አስኪያጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ሦስት? ምን ምን?»

«መጀመሪያ ጻፍ።»

«ምን ልጻፍ?»

«እዚህ በተነገረ ሐሳብ ምክንያት ማንም አይወጣም። ጠዋት ያልተነገረ ከሰዓት አይወሰንም። ጻፍ።»

በትልቁ ነጭ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ በእንግሊዝኛ። እሷ ማንበብ አትችልም። አማርኛውን እኔ እንዳነብላት፣ ሶማሊኛውን መካኒኩ እንዲያነብ፣ እንግሊዝኛውን ጸሐፊዋ እንድትተረጉም አደረገች። ሦስቱም አንድ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው የተቀመጠችው። የተቀመጠችበት ደግሞ የእኔ ወንበር ነበር፤ አንሶላውን ለመለየት ተነስቼ ነበርና።

«ከዛሬ ጀምሮ የቲሙ አባል ነሽ» አላት ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ግንባሩን አሻሸ። «ግን ስድስት ሆንን። ከአምስት መብለጥ የለበትም ብለውናል። ስድስተኛ ሰው ሲገባ…»

«እንግዲያው አዴ ትውጣ» አለች።

ጆሮዬን አላመንኩም። «እኔ?»

«ብዙ ታወራለች» አለች፣ ለእሱ እንጂ ለእኔ ሳይሆን። ያለ ቁጣ ነው ያለችው፤ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ያህል። «የመተኮሻ ክፍልን ነገር እኔ እጠይቃታለሁ።»

ሹፌሩ ራሱን አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁ አማልጂኝ በሚል ዓይን እኔኑ ያየኛል። እኔ ለእሷ መጋረጃ የገለጥኩ፣ እኔ ሚኒባስ ይዤ የሄድኩ! አንገቴ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። ምክንያቱም ትክክል ናት። ሰው አምኖ በምስጢር የነገረኝን ነገር ለጭብጨባ የሸጥኩ እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ይውጣ ከተባለ እኔ መሆኔ ይገባል። ነጠላዬን አጣፍቼ «ጥሩ ነው» አልኩና ወጣሁ። 

አሁን ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡት መለያ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ነው፤ እሷ ናት ያስቀየረችው። ከካውያዬ ቦታ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ጣልቃ ስገባ «አዴ!» ይለኛል መካኒኩ፣ ዝም እላለሁ። ልጅቱ ትምህርቷን ቀጥላለች።

ከሦስቱ ነገሮች የመጀመሪያውን የተናገረችው በሳምንቱ ነው። እኔን የሚመለከት ነው ብሎ ማን አሰበ! የመተኮሻ ጠረጴዛዬ የቆመው በተሳሳተ ቦታ ነው አለች፤ አንሶላው ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ተመልሶ ወደ እሷ እየሄደ ቀኑን ሙሉ በከንቱ ይመላለሳል፤ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ይሁን። ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበት ቦታ! አይሆንም አልኩ። ጮኽኩ። እሷ እስክጨርስ አዳመጠችኝና «አዴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ ብዬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «አይሆንም ካልሽ አይሆንም።»

ጠየቀችኝ። ሳትወስን በፊት መጥታ ጠየቀችኝ።

ለአንድ ሳምንት እንሞክረው አልኳት። ጠረጴዛውን ሁለታችን ተሸክመን መስኮቱ ሥር አደረስነው፤ ከባድ ነበር፣ መሃል ላይ ሁለቴ አረፍን።